እሜቴ ወደቅኩና የሰው ልብ ምት

መጀመሪያ ያየኋት የካቲት አሥራ ስድስት ቀን ነው። ነው ልበል እንጂ የካቲት መሆኑንም እጠራጠራለሁ፤ በየካቲት ከሆነ፣ በትዝታዬ ውስጥ ሹራቧ ትከሻ ላይ የማየው የዝናብ ጠብታ ከየት መጣ? ምናልባት መጋቢት ገብቶ ይሆናል። ምናልባትም ዝናቡን ያመጣሁት እኔው ነኝ፤ ዕድሜ ሲገፋ ሰው በትዝታው ላይ የፈለገውን ያዘንባል። ቀኑ ይቅር። የማልጠራጠረው ቃሏን ነው። ገና መምህሩ ሳይገቡ፣ ሰሌዳው ላይ አንድ ፊደል ሳይጻፍ፣ አጠገቤ ተቀምጣ፣ ለእኔም ለማንም ሳይሆን ለአየሩ፣ «ይህን ኮርስ እወድቃለሁ» አለች።

የሰው ልጅ በሁለት ይከፈላል፦ ከፈተና ሲወጣ «ምንም አይልም» የሚልና ከፈተና ሲወጣ «አለቀልኝ» የሚል። «ምንም አይልም» ባዮቹ ብዙውን ጊዜ ይወድቃሉ። «አለቀልኝ» ባዮቹ ግን እንባቸውን በእጅጌያቸው እየጠረጉ ዘጠና አራት ያመጣሉ። እናንተም ታውቋቸዋላችሁ። በየክፍሉ አንድ አይጠፋም። ትከሻቸውን እየደባበሳችሁ ያጽናናችኋቸው፣ ሻይ የጋበዛችኋቸው፣ «አይዞሽ፣ ዓለም አላለቀም» ያላችኋቸው፣ ውጤት ሲለጠፍ ደግሞ ከአናታችሁ በላይ ተሰቅለው ያገኛችኋቸው እነሱ ናቸው። የእኛዋ ግን ከሁሉም የላቀች፣ የሙያው ሊቀ ሊቃውንት ነበረች። እውነተኛ ስሟን የሚያውቅ ጥቂት ነው። ግቢው በሙሉ የሚጠራት በማዕረጓ ነበር፦ ክብርት እሜቴ ወደቅኩ።

እሷ የነርስ ተማሪ ነበረች፤ እኔ የሙዚቃ። አንድ አግዳሚ ላይ ያስቀመጠን የግቢያችን ዲን ፍልስፍና ነው። ዘፋኝ የሳንባውንና የጉሮሮውን አሠራር ሳያውቅ አፉን መክፈት የለበትም፣ ነርስም ሪትም ሳይገባት የሰው ደረት ማዳመጥ የለባትም ብለው ያምኑ ነበር። ክፉ አሳቢዎች «መምህርና ክፍል አንሷቸው ነው» ይላሉ። ያም ሆነ ይህ፣ እኛ ሙዚቀኞች ፊዚዮሎጂ የሚሉትን የሰው አካል አሠራር ከነርሶቹ ጋር፣ እነሱም ሪትም ከእኛ ጋር እንዲማሩ ተፈረደብን።

የፊዚዮሎጂ ክፍሉ ጥግ ላይ ሆዱ የሚከፈት የፕላስቲክ ሰው ቆሟል። ልቡ ይወጣል፣ ሳንባው ይወጣል፣ አንጀቱ ይዘረገፋል፤ ጉበቱ ግን ከኛ በፊት በነበሩት ተማሪዎች ዘመን ጠፍቷል። ፕሮፌሰሩ ባዶውን ቦታ በጠመኔያቸው እየጠቆሙ «እዚህ ጋ ጉበት አለ ብላችሁ አስቡ» ሲሉ እሜቴ እጇን አወጣች።

«ፕሮፌሰር፣ ፈተና ላይ የሚመጣው ያለው ነው የጠፋው?»

«ሁሉም ይመጣል።»

«በቃ» አለች ወደ እኔ ዞር ብላ፣ ፊቷ አመድ መስሎ፤ «የሚጥለኝ ይሄ ጉበት ነው።»

የመጀመሪያው የጽሑፍ ፈተና ያበቃ ዕለት ደረጃው ላይ ተቀምጣ ስታለቅስ አገኘናት። ባለ ቱባው አብሮኝ ነበር፤ የእኛ ክፍል ልጅ ነው፣ እንደሚነፋው መሣሪያ ግዙፍ፣ እንደሚነፋው መሣሪያ ቀስ የሚል።

«ምን ሆነሽ ነው፣ እሜቴ?»

«ኩላሊት ስንት ነው ሲል ሁለት ብዬ ጻፍኩ!»

«ሁለት እኮ ነው።»

«እሱማ ነው! ግን ዩኒቨርሲቲ ድረስ አምጥተው እንዲህ ቀላል ነገር ለምን ይጠይቁኛል? ወጥመድ ነው እኮ!»

ባለ ቱባው ደግ ሰው ነበር፤ የራሱን ዳቦ ቆርሶ አበላት፣ በመሐረቡ እንባዋን አደረቀላት። ውጤቱ ሲለጠፍ እሷ ዘጠና አራት፣ እሱ አርባ አንድ። ወረቀቱ ፊት ብዙ ቆየ። «እሜቴ» አላት በመጨረሻ፣ «ከዛሬ ጀምሮ ስትወድቂ ቀደም ብለሽ ንገሪኝ። አብሬሽ ልውደቅ።»

ፍርሃቷ በፈተና ብቻ የሚቆም አልነበረም። የምንማረው በሽታ ሁሉ መጀመሪያ የሚይዘው እሷን ነው። ስለ ልብ በተማርንበት ሳምንት ደረቷን ይዛ ስትሄድ ከረመች። ስለ አንገት ዕጢ በተማርንበት ሳምንት በየመስታወቱ ፊት ምራቋን እየዋጠች ጉሮሮዋን ስትመረምር ታየች። ፕሮፌሰሩ አንድ ቀን አዘኑላትና «ዛሬ የምናየው ወንዶች ብቻ ያላቸውን ዕጢ ነው፤ በዚህ እንኳ ታርፊያለሽ» አሏት።

«ወንድሞች አሉኝ፣ ፕሮፌሰር» አለች በሐዘን።

መሳቁን ስቀናል። ችግሩ ፍርሃቷ እንደ ጉንፋን መጋባቱ ነበር። አጠገቧ አንድ ሰዓት የተቀመጠ ሰው በር መቆለፉን፣ ምድጃ ማጥፋቱን፣ እናቱ ደህና መሆኗን መጠራጠር ይጀምራል። እኔ ደግሞ አጠገቧ የምቀመጠው በየቀኑ ነበር። ወንበር ሞልቶ ነው እንዳልል፣ ክፍሉ ግማሹ ባዶ ነው።

በሪትም ክፍልም ነገሩ ያው ነው። ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ሽማግሌ ከበሮ መቺ ያስተምሩናል። በእርሳስ ጠረጴዛ እንድንመታ ያዙናል፤ ሁላችንም እኩል እንጀምራለን፤ ከዚያ እሜቴ ቀስ በቀስ ትቀድማለች፣ ትሮጣለች፣ ትሸመጥጣለች፤ እኛ መሃል መንገድ ላይ ስንሆን እሷ ጨርሳ ላቧን ትጠርጋለች።

«ልጄ» ይሏታል ጋሼ፣ «ማነው የሚያሳድድሽ?»

«ማንም፣ ጋሼ።»

«ማንም ካላሳደደሽማ ቆም በይና አብረን እንሂድ።»

የልብ ምት መቁጠር የጀመርነው ከዚያ በኋላ ነው። የአንድ ሰው እጅ አንጓ ይያዛል፣ ሰዓት ይታያል፣ ለአንድ ደቂቃ ይቆጠራል። ያረፈ ጤነኛ ሰው ልብ በደቂቃ ከስልሳ እስከ መቶ ቢመታ ነው። እሜቴ መጀመሪያ የባለ ቱባውን እጅ ያዘች። ባለ ቱባው በመላው ግቢ ቆሞ የሚያንቀላፋ ብቸኛ ሰው ነው።

«መቶ ሃያ አራት!» ብላ ጮኸች። «ወንድሜ፣ እንዴት ነው በእግርህ የቆምከው?»

ደግፈን ክሊኒክ ወሰድነው። በክሊኒኩ ስልሳ ስድስት ሆነ። በማግስቱ ዋሽንት የምትነፋዋ ልጅ መቶ ሃያ ሆና ተወሰደች፤ ከእሷ በኋላ አንድ የነርስ ተማሪ፣ ከዚያም የላቦራቶሪው ጥበቃ። አንድም የታመመ አልተገኘም። የክሊኒኩ ነርስ በመጨረሻ «ያቺን ልጅ ወይ በደንብ አስተምሯት፣ ወይ አምጧትና እኔ ላክማት» ብላ ላከችብን። እሜቴ ግን መሣሪያቸው ነው የተበላሸው ባይ ናት። እኛም ሳቅን። ነገሩን አላጤንነውም።

የተግባር ፈተናው መጣ። ፈታኟ ሲስተር ናቸው፤ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የማያውቁ፣ ዝም ብለው ሲያዩ ብቻ ሰው ያላጠፋውን የሚያምንላቸው ሴት። ተፈታኙ የአንዱን ሰው ቀኝ እጅ ይይዛል፣ ሲስተር ግራውን፤ ሁለቱም እኩል ይቆጥራሉ፤ ቁጥሩ ካልተቀራረበ ወደቀ። በአምስት ሰዎች ላይ እንዲህ ይደረጋል።

እኔና ባለ ቱባው ውጭ ሆነን ጠበቅናት፤ መሐረቡ ተዘጋጅቷል፣ ዳቦው ተዘጋጅቷል። ወጣች። ጸጥ ብላ ጋዋኗን አጠፈች።

«እንዴት ነበር፣ እሜቴ?»

«ምንም አይልም» አለች።

ልባችን ወለቀ። ባለ ቱባው አፉን ከፍቶ ቀረ። ያን ጊዜ መውደቋን ያላወቀ አልነበረም። የፈሩት ይደርሳል ይባል የለ፤ ደረሰ።

ሕጉ አጭር ነው። የተግባር ፈተናው አንድ ጊዜ ይደገማል። ያለፈ፣ የዚያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ አውቶቡስ ተሳፍሮ ሌላ ከተማ ወዳለው ትልቅ ሆስፒታል ይሄዳል፤ የቀረውን ትምህርቱን በሽተኛ መሃል ሆኖ እዚያው ይጨርሳል። ሁለት ጊዜ የወደቀ ሻንጣውን ይዞ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ነርስነት ለእሱ አበቃ ማለት ነው።

በዚያው ምሽት አይደለም፣ በማግስቱ ቀትር ላይ፣ ከሙዚቃ ክፍሉ ጀርባ ደረጃው ላይ ተቀምጠን ነው የነገረችኝ። አባቷ ልብስ ሰፊ ነበሩ። አንድ ከሰዓት በኋላ የስፌት መኪናቸው ላይ ጎንበስ እንዳሉ፣ ገና መርፌው ጨርቁ ላይ እንዳለ፣ ተንሸራተው ወደቁ። ቤት ውስጥ የነበረችው እሷ ብቻ ናት። ጎረቤት መኪና አመጣ፤ ከኋላ ወንበር ላይ የአባቷን ራስ ጭኗ ላይ አድርጋ፣ እጃቸውን ይዛ፣ ሆስፒታል እስኪደርሱ አልለቀቀችም።

«ምቱ እጄ ላይ ነበር» አለችኝ። «ጠንካራ ነበር። አባዬ፣ አይዞህ፣ ልብህ እየመታ ነው እለው ነበር። ሐኪሙ አንዴ ነካ አደረገውና፣ ይሄ ሰው ከሞተ ቆይቷል አለ። ኧረ እየመታ ነው፣ እኔ ይዤዋለሁ እኮ ብዬ ጮህኩ። ማን ይስማኝ? አንሶላውን ጎትቶ ሸፈነው።» ጉልበቷን አቀፈች። «ነርስ መሆን የፈለግኩት ለዚህ ነው። እኔ ባለሁበት ነፍሱ ያልወጣ ሰው አይሸፍኑም። አሁን ግን መቁጠር እንኳ አልችልም ተባልኩ።»

እጄን ዘረጋሁላት። «ተለማመጂብኝ» አልኳት።

ከዚያ ወዲህ በየከሰዓቱ መለማመጃ ክፍላችን ውስጥ፣ ግማሽ ቁልፎቹ በማይሰሙት ፒያኖ አጠገብ፣ እጄን እየሰጠኋት እቀመጥ ነበር። ትይዘኛለች፣ ሰዓቱን ታያለች፣ በከንፈሯ ትቆጥራለች፣ በእግሯ ወለሉን ትመታለች። መቶ አሥራ ስምንት። መቶ ሃያ። መቶ አሥራ ዘጠኝ። እኔም ሌሊት ሌሊት ጣሪያ እያየሁ ስለ ልቤ ማሰብ ጀመርኩ።

አንድ ቀን፣ ከጭንቀት ብዛት ይመስለኛል፣ እሷ ስትቆጥር እኔም በሌላው እጄ አንገቴን ነካሁ። ልቤ እንደ ሽማግሌ ይራመዳል፤ ዱብ… ዱብ። የእሷ እግር ግን ወለሉ ላይ ይሮጣል። ሁለት ሪትም ነው። ጋሼ ቢሰሙ «አንዳችሁ ውጡ» ይሉን ነበር። እጇን አየሁት። የሰው እጅ አንጓ የሚያዘው በሦስት ጣት፣ ለስለስ ተደርጎ ነው። እሷ ግን ገደል አፋፍ ላይ የተንጠለጠለ ሰው እንደምትጎትት በሙሉ መዳፏ ጨብጣኛለች፤ ደም ሥሬ ላይ ተጭኖ የተቀመጠው አውራ ጣቷ ነው።

«እሜቴ፣ በአውራ ጣትሽ እኮ ነው የያዝሽኝ።»

በአውራ ጣት አይቆጠርም። አውራ ጣት የራሱ ጠንካራ ደም ሥር ስላለው የሚሰማው የቆጣሪው የራሱ ልብ ነው፤ ፕሮፌሰሩ ደጋግመው ብለውታል፣ የጽሑፍ ፈተናውም ላይ መጥቷል።

አየችው። ከዚያ ሳቋ አመለጣት። «ይህን ጥያቄ እኮ አግኝቼዋለሁ! አውራ ጣት የተከለከለበትን ምክንያት ጻፉ ሲል ከአምስት አምስት ነው የሰጡኝ! ጭንቅላቴ ያውቃል፣ እጄ ግን…»

ሳቋ መሃል ላይ ቆመ። እጄን እንደጨበጠች አውራ ጣቷን ትኩር ብላ ታየዋለች።

«ያኔም እንዲህ ነበር የያዝኩት» አለች።

«ማንን?» አልኳት።

«አባዬን። እንዲሁ ነው የያዝኩት። እንግዲያ ስቆጥር የነበረው የእኔን ነው።» ድምፅዋ ልብስ እንደምታጥፍ ሴት ዝግ ያለ ነበር። «ሐኪሙ እውነቱን ነበር። እኔ የራሴን ልብ ይዤ ነው፣ አይዞህ እያልኩ የሄድኩት።»

ጣት ላቃና ብዬ ምን ጉድ እንደሠራሁ ያየሁት ያኔ ነው። ቦርሳዋን አንስታ ወጣች፤ በሩን እንኳ አልዘጋችም።

ለቀናት አልታየችም። ፊዚዮሎጂ ክፍል የለችም፣ ሪትም ክፍል የለችም። ባለ ቱባው በሴቶቹ ዶርም በር ባለፈ ቁጥር ጥበቃውን «ሻንጣ የያዘች ልጅ ወጥታለች?» እያለ ይጠይቃል። እኔ ከእሷ የተጋባብኝ በሽታ ሁሉ አንድ ላይ ተነሣብኝ። ፈተናዋን ትታ ትሄድ ይሆን? የሰው እጅ ዳግመኛ ለመንካት ትደፍር ይሆን? ነርስነትን የፈለገችበትን ምክንያት እኮ እዚያ ፒያኖ አጠገብ አጥታዋለች።

የድጋሚ ፈተናው ዋዜማ ላይ መለማመጃ ክፍሉ በር ተንኳኳ። ፊቷ ከስቷል። ሰላምታም የለ፣ ምንም የለ፤ «እጅህን» አለችኝ። ሦስት ጣቶቿን አሳረፈች፣ ሌባ ጣት፣ መሃል ጣት፣ ቀለበት ጣት። አውራ ጣቷ ከክፍል እንደተባረረ ተማሪ ለብቻው አየር ላይ ቆሟል።

«ሰባ» አለች። ደግማ ቆጠረች። «ሰባ።» ሦስተኛም ቆጠረች። «ሰባ። እንዴት ያለ አሰልቺ ልብ ነው ያለህ?»

«አመሰግናለሁ።»

«ነገ ተፈታኝ የሚተኛለትን ሰው ራሱ ያምጣ ተብሏል። ድጋሚው በአንድ ሰው ብቻ ነው።» ቀና ብላ አላየችኝም። «ትተኛልኛለህ? ያንተን ልብ በቃሌ ይዤዋለሁ።»

ተኛሁላት። ከእሷ በፊት ሌሎች ተፈታኞች ስለነበሩ ከአንድ ሰዓት በላይ በጀርባዬ ተንጋልዬ የፈተና ክፍሉን ጣሪያ ሳይ ቆየሁ። አልጋው ጠባብ ነው፣ አንሶላው ይቀዘቅዛል። አውቶቡሱ ከበሩ ውጭ ቆሞ ሞተሩ ይሰማል። ብታልፍ በዚያ አውቶቡስ ትሄዳለች። ብትወድቅ ሻንጣዋን ይዛ ትሄዳለች። ይህ እስካሁን እንዴት እንዳልታየኝ አላውቅም፤ በሁለቱም መንገድ ዛሬ የመጨረሻዋ ነው።

ገባች። ሲስተር ግራ እጄን ያዙ፣ እሷ ቀኜን። «ጀምሪ።»

ከንፈሮቿ ሲንቀሳቀሱ አያለሁ። ትንሽ ቆይቶ ፊቷ ላይ ያለው ደም ሲሸሽ አየሁ። ልቤ እየጋለበ ነው። እኔም ይሰማኛል፤ ጆሮዬ ውስጥ ይመታል፣ አልጋው ሳይቀር የሚነቃነቅ መሰለኝ። ተው እለዋለሁ፣ አይሰማኝም። እሷ በቃሏ የያዘችው ሰባ ነው፤ ጣቷ ስር ያለው ግን ያ የድሮው ሩጫ ነው። ዓይኖቿ ወደ አውራ ጣቷ ሄዱ። አየር ላይ ነው። ደግማ አየችው። አየር ላይ ነው። ግንባሯ ላይ ላብ ብቅ አለ።

«ጊዜው አልቋል» አሉ ሲስተር። «ስንት?»

ሰባ ማለት ትችላለች። ትናንት ሦስት ጊዜ ቆጥራዋለች፤ ማንም ጤነኛ ሰው ላይ ቢባል የማያሳፍር፣ ጨዋ ቁጥር ነው። አደራሽን፣ እጅሽን እመኚው፣ እላለሁ በልቤ፤ ይኸው ልቤም ይባስ ይጋልባል።

«መቶ ሃያ ሁለት» አለች። ከዚያ በሹክሹክታ፣ «ወድቄያለሁ።»

ሲስተር መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩዋት። «እኔ መቶ ሃያ አንድ አግኝቻለሁ» አሉ። ወደ እኔ ዞሩ። «ወጣት፣ ሮጠህ ነው የመጣኸው?»

«አይ፣ ሲስተር። ከአንድ ሰዓት በላይ ተኝቻለሁ።»

«ታዲያ ምን አስደነገጠህ? ተፈታኟ እሷ ናት እኮ።»

ጣሪያውን አየሁ። ሲስተር ለአፍታ እኔን፣ ለአፍታ እሷን አዩና ምልክታቸውን አደረጉ። «አልፈሻል፣ ልጄ። ልቀቂው።»

አልለቀቀችም። ሦስቱ ጣቶቿ እጄ ላይ እንዳሉ ናቸው። ሰዓቱን አታይም፣ ከንፈሯ አይንቀሳቀስም፣ እግሯም ወለሉን አይመታም። አንገቷን ዘንበል አድርጋ፣ በሩቅ የሚጠራትን ሰው ድምፅ ለመለየት እንደምትሞክር፣ ዝም ብላ ይዛኛለች።

«ልቀቂው እንጂ» አሉ ሲስተር ሁለተኛ፣ ድምፃቸው ግን እንደ ወትሮው አልነበረም። «የመጨረሻዋ ተፈታኝ አንቺ ነሽ። አውቶቡሱም ይሄድብሻል።»

ጣቶቿን አንድ በአንድ አነሳች። ቀለበት ጣቷን፣ መሃል ጣቷን፣ በመጨረሻ ሌባ ጣቷን። ጋዋኗን ክንዷ ላይ ጣል አድርጋ ወጣች። ማንም ቁጠሪ ሳይላት ምን ትሰማ እንደነበር ልጠይቃት ተነሣሁ፤ ከአልጋው ስር ጫማዬን እስካገኝ፣ አንዱ ደግሞ ወደ ግድግዳው ርቆ ነበር፣ በሩ ላይ ስደርስ ደረጃው ባዶ ነው፤ አውቶቡሱ በሩን ዘግቶ ወደ መንገዱ ይታጠፋል።